ጡብ አዳራሽ ውስጥ አይገባም

የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የጡብ ሰፈሩ ጋሪ እየተንገጫገጨ በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የጓሮ በር ገባ። ፈረሱ ላብ በላብ ሆኗል፤ መንኮራኩሩ ዘይት ካየ ሰንብቷል። ታይፒስቷ የፕሮግራም ወረቀቶች በብብቷ ሸጉጣ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ነበርና፣ የጋሪውን ሲጥሲጥታ ስትሰማ ፊቷን አዙራ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰዓቱን ማወቅ ፈልጋ አልነበረም። ጋሪው ላይ ያሉትን ሰዎች ላለማየት ነው።

ሰባት ወንዶች ነበሩ። ሸሚዛቸው ታጥቦ ተተኩሷል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። የጡብ አቧራ ግን በውሃ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ ከጥፍር ሥር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከቅንድብ መሐል ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም አንገታቸው ላይ በሲባጎ የታሰረ የሸምበቆ ዋሽንት አንጠልጥለዋል። ከእግራቸው ሥር በጆንያ የተሸፈኑ ሰባት ጡቦች አሉ።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ቀድመው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ደረጃው ቀና አሉ።

«ወይዘሪት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በየት በኩል ነው የምንገባው?»

«በግራ በኩል... በመጋረጃው ጀርባ» አለች። ድምፅዋ ግማሹ ብቻ ነው የወጣው።

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ።»

እኚህ ሽማግሌ አባቷ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ታይፒስት ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ከተፈተኑት ሁሉ ፈጥና፣ ሳትሳሳት የጻፈችው እሷ ነበረች። በሰፈሯ ማንበብ የቻለች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ስለነበረች «ፊደል» ነበር የሚሏት። የቅጥር ቅጹ ላይ ግን «የአባት ሥራ» የሚል መስመር ነበረ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የጡብ ሰፈርን ሰው የሚጠሩት «ጭቃ» ብለው ነው። «ጭቃዎቹ መጡ፣ በሩን ዝጉ።» «ያ ጭቃ የት ገባ?» ከዚያ ሰፈር የተቀጠረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ጠራጊ እንኳ። እሷም ብዕሩን አነሳችና «መምህር» ብላ ጻፈች።

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አባቷ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ታጥበው ጨረሱ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«መምህር? ምን አስተምራለሁ በይ? እሳት?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአዳራሹ ሥራ ጡብ ጭነው በመጡ ቁጥር ልጃቸውን ግቢው ውስጥ ሲያገኟት «ወይዘሪት» ይሏታል፤ «እርስዎ» ይሏታል። «እርስዎ» ከአባት ወደ ልጅ ሲመጣ ውሃ ሽቅብ እንደመፍሰስ ነው፤ አንድም ቀን አልለመደችውም። ቤት ሲገቡ ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ በሩ ላይ ሳይሽ ፊትሽ ገርጥቶ ነበር፤ ምሳ አልበላሽም እንዴ?» ይሏታል፣ ምንም እንዳልተደረገ።

አዳራሹ ራሱ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የእነሱ ጡብ ነው። ግን ነጭ ልስን ተለስኖበት፣ ጠርዝ ጠርዙ ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ፣ ጡብ የሚባል ነገር የነካው አይመስልም። ጡብ ሠሪዎቹም ለምረቃው ባልተጠሩ ነበር፤ ያስጠሯቸው ክቡር አገረ ገዥው ናቸው። በመስከረም አንድ ቀን በፈረስ በጡብ መተኮሻው እቶን በኩል ሲያልፉ ዋሽንቱን ሰሙና ልጓም ሳቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ካዳመጡ በኋላ፣ «ይህን በምረቃው ቀን አሰሙኝ» ብለው ሄዱ። የማዘጋጃ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ጥርሱን ነክሶ በፕሮግራሙ ተራ ቁጥር አራት ላይ አስገባቸው።

የእነሱ ዋሽንት እንደሌላው ዋሽንት አይደለም፤ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ነፊውም ዕድሜ ልኩን ያችኑ አንዷን ድምፅ ይነፋል። ሰባቱም ስም አላቸው፦ አባት፣ እናት፣ በኩር፣ ሁለቱ መንታዎች፣ ጎረቤት፣ መጨረሻ ላይ አማች። ነገሩ የመጣው ከሥራው ነው። ጡብ ከእቶን ሲወጣ ሰባት ሰው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበለዋል። እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ዋሽንቱ በከንፈር ይያዛል። ጡቡ ከእጅህ ሲለቅ ትነፋለህ፤ ቀጣዩ ሰው ያን ሰምቶ ይቀበላል። ሳይነፋ የወረወረ የሰው እግር ይሰብራል። ስለዚህ ዜማው ማለት ጡቡ የሄደበት መንገድ ነው። አማች መጨረሻ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ፣ አጠር አጠር አድርጎ ሁለት ጊዜ ይነፋል። «አማች ቀድሞ ከተናገረ ቤት ይፈርሳል» ይላሉ።

ሰባቱ ሰዎች ጡባቸውን በጆንያ ይዘው በመጋረጃው ጀርባ ወደ መድረኩ ሊገቡ ሲሉ ዋና ጸሐፊው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ቁመቱ አጭር፣ የኪስ ሰዓቱ ሰንሰለት ረጅም የሆነ ሰው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጡብ ነው ጌታዬ» አሉ አባቷ።

«ጡብ አዳራሽ ውስጥ አይገባም! ወለሉ ሦስት ቀን ሙሉ ሰም የተቀባ ነው።»

ከኋላ የቆመው የአክስቷ ባል፣ አንድ ጉንጩን በሻርፕ እንደጠቀለለ፣ አንገቱን አስግጎ ግድግዳውን ወደላይ ተመለከተ። ይህ ሰው ቤተሰቡን ከተቀላቀለ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግን የአማችን ዋሽንት ስለሚነፋም፣ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ስላገባም፣ እስከ ዛሬ «አማቹ» ነው የሚባለው።

«ታዲያ ጌታዬ» አለ አማቹ፣ «ይሄን ሁሉ ግድግዳ የት ሊያደርጉት ነው?»

መድረኩ ላይ መሣሪያቸውን የሚወለውሉት የከተማው ባንድ ልጆች ሳቁ። ዋና ጸሐፊው አልሳቀም። ጡቦቹ ወደ ጋሪው ተመለሱ፤ ሰባቱ ሰዎች በሰባት ወንበሮች ላይ፣ በቀይ ከፋይ ትራስ ላይ፣ እንደ ሙሽራ ተደርድረው ተቀመጡ።

«እስቲ ለሙከራ» አለ የባንዱ አለቃ። ወጣት የመቶ አለቃ ነው፤ ትከሻው ላይ ያሉት ኮከቦች ገና አዲስ ናቸው። ሦስት ቅዳሜ እቶኑ ድረስ እየሄደ በደብተሩ ዜማውን ሊጽፍ ሞክሯልና ያውቁታል። ታይፒስቷ በአዳራሹ ወንበሮች ላይ ፕሮግራም እያስቀመጠች በጎን ዓይኗ ትመለከታለች።

አባቷ ነፉ። የአባት ድምፅ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ነው። ቀጥሎ እናት መንፋት ነበረባት። የእናትን ዋሽንት የሚይዘው፣ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ የእቶን እሳት አንዳጅ ነው፤ ለዚህም «እናትዬ» ይሉታል። እናትዬ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚመጣለትን ጡብ ጠበቀ። ጡብ የለም። ዘግይቶ ነፋ። በኩር ከእሱ ቀደመ። መንታዎቹ ተጋጩ። ጎረቤት ጭራሽ ረስቶት አፉን ከፍቶ ቀረ። መጨረሻ ላይ አማቹ ሻርፑን ገለጥ አድርጎ ሲነፋ ዋሽንቱ «ፍስስስ» አለ፣ እንደሚተነፍስ ጎማ።

አባቷ ዞር አሉ። «ምን ሆነህ ነው?»

«ብርድ መቶኝ...»

«አፍህን ክፈት።»

አማቹ አፉን ከፈተ። ግራ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። «ፎቶ አንሺ ይመጣል አላችሁ» አለ እየተኮላተፈ። «ከክቡር አገረ ገዥው ጎን ቆሜ ስስቅ ጥቁር ጥርስ ከሚታይብኝ ብዬ ትናንት አስነቀልኩት። አሁን መሳቅም መንፋትም አልችልም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትልቁን ጥሩምባ የያዘው ልጅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አባቷ ብቻ አልሳቁም፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው አስቀመጡት።

ዋና ጸሐፊው ወደ ታይፒስቷ መጣ። «ወይዘሪት፣ ተራ ቁጥር አራት ይሰረዝ። ‹የጡብ ሠሪዎች ዜማ፣ በከተማው ባንድ› ተብሎ ይጻፍ። አርባ ቅጂ፣ ለክብር እንግዶቹ። እስከ ዘጠኝ ተኩል።»

«ሰዎቹስ?»

«ለፎቶው ከኋላ ይቆማሉ። አገረ ገዥው ከጠየቁ አልቻሉም እንላቸዋለን። ደግሞስ አልቻሉም እኮ።»

የመቶ አለቃው ደብተሩን ገልጦ ያልተጨረሰውን ዜማ አየ።

ታይፒስቷ ፎቅ ላይ ወጣች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር የጽሕፈት መኪና፣ ወደ ጓሮው የሚከፈት አንድ መስኮት። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን እያደረገች አስገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈች። አራት ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። እንዲህ ሆነው አያውቁም። እሷ ሳትሆን ጣቶቿ ናቸው እምቢ ያሉት።

በመስኮቱ በኩል የሰዎቹ ድምፅ ይሰማል። ጋሪው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«እኔን ምቱኝ» ይላል አማቹ። «በግራ በኩል ብቻ አትምቱኝ እንጂ።»

«ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉ አባቷ።

«ምን ያለፈ ነገር አለ?» አለ እናትዬ። «ፊደል አለች አይደል እንዴ? አማቹ ወገቡን ታሞ በተኛ ጊዜ በእሱ ቦታ ሁለት ዓመት የቆመችው ማን ነው? ከእሱ አትበልጥም ወይ? እዚሁ ፎቅ ላይ ናት፣ ልጥራት?»

«ቁጭ በል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ፊደል ብዬ...»

«ቁጭ በል አልኩህ!» አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። አሁንም ከፍ አላደረጉትም፤ ግን ፈረሱ እንኳ ማላመጡን አቆመ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ስሟን እንዳታነሳ። እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ ልጅ የለኝም።»

የተናገሩት በቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። የተናገሩት እንደ አደራ ነው፤ የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው። ታይፒስቷ ወረቀቱን ከነካርቦኑ ስባ አወጣችው። ብጭቅጭቅ አድርጋ ከቀደደችው በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። እጇ በካርቦን ጠቁሮ ነበር። በቀሚሷ ጠረገችውና ወረደች።

ጓሮው ውስጥ ዋና ጸሐፊው ቀድሟታል። የእንግዶቹ ሠረገላዎች እየደረሱ ነውና ጋሪው ከግቢው እንዲወጣ ያዛል። አጠገቡ የመቶ አለቃው ቆሟል።

«አርባው ቅጂ አለቀ?» አላት ዋና ጸሐፊው።

«አልጻፍኩትም ጌታዬ።»

«መኪናው ተበላሸ?»

«መኪናው ደህና ነው።» አልፋው ሄደች። ሰባቱ ሰዎች ብድግ አሉ፤ ለማዘጋጃ ቤት ሰው መነሳት ልማዳቸው ነው። እሷ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ የአማችን ዋሽንት ይስጡኝ።»

አባቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዋና ጸሐፊውን አዩ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ወይዘሪት ተሳስተዋል» አሉ በትሕትና። «ጌታዬ፣ ወይዘሪቷ ከሰው ጋር አመሳስለውኝ ነው፤ ሰው ሰውን ይመስላል...»

«አልተሳሳትኩም።»

«ፀሐዩ ነው ጌታዬ፣ ፀሐዩ...»

«አባዬ በቃዎት!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ሙሉውን ወጣ። ወደ ዋና ጸሐፊው ዞረች። «አባቴ ናቸው። እኔም የጡብ ሰፈር ልጅ ነኝ። እዚያው ተወልጄ ነው ያደግኩት።»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ አማቹ ከሻርፑ ውስጥ። «የተወለደች ቀን ሰክሬ ነበር፤ ቢሆንም አስታውሳለሁ።»

ዋና ጸሐፊው የሰዓቱን ሰንሰለት ያዘ። «ቅጹ ላይ እኮ መምህር ነው የሚለው! በእጅሽ የሞላሽው!»

«ዋሽቼ ነው።»

«መምህርነታቸውስ እውነት ነው» አለ የመቶ አለቃው ሳይታሰብ። ሁሉም ዞሩ። «ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሲያስተምሩኝ ነው የከረሙት፤ የወደቀው ተማሪው ነው። ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ አሥራ ሁለት ሰው ጥሩምባ ይዞ ይህን ዜማ አልቻለውም። ባንዱ ከተጫወተው አገረ ገዥው ገና ሲጀመር ነው የሚያውቁት።»

ከፊት ለፊት በር በኩል የክብር ዘቡ እግሩን ሲመታ ተሰማ። አገረ ገዥው ደርሰዋል። ዋና ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ከሁለቱም ምክር አላገኘም።

«አንዴ ብትሳሳቱ መጋረጃውን አወርደዋለሁ» አለ። «ጡብም አይገባም! አንቺን ሰኞ አነጋግርሻለሁ።» ሮጠ።

አማቹ ዋሽንቱን ከአንገቱ አውልቆ በእሷ አንገት ላይ አጠለቀላት። ሲባጎው ሞቃት ነበር። «ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር» አላት በሹክሹክታ። «አትቸኩዪ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልቸኮልኩም፣ ይኸው አሁንም እየመገቡኝ ነው።»

አባቷ ባርኔጣቸውን ሊያደርጉ ሞክረው ሁለት ጊዜ ሳቱት።

ተራ ቁጥር አራት ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከፊት አገረ ገዥውና ባለቤታቸው፣ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ ቀጥሎ ነጋዴዎቹ፤ ከኋላ በተከፈቱት በሮችና በመስኮቶቹ ላይ ደግሞ የጡብ ሰፈር ሰው ተጠቅጥቋል፣ ወደ ውስጥ ባይገባም ማንም አላባረረው። መጋረጃው ተገለጠ። ሰባት ወንበሮች፤ ስድስት ወንዶችና አንዲት የቢሮ ቀሚስ የለበሰች ሴት። ከሹማምንቱ መሐል አንዱ፣ «ያቺ የኛ ታይፒስት አይደለችም እንዴ?» ሲል ሰማችው።

አባቷ ለመንፋት ትንፋሽ ሲስቡ፣ ባዶ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ምን እንደሚሠሩ ሳያውቁ ሲቅበዘበዙ አየች። የስድስቱም እጆች እንደዚያው ናቸው። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ስህተቱ ከጥርሱ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ያለ ጡብ ነፍተው አያውቁም።

«አባዬ ይቆዩ» አለች። «ተነሱ ሁላችሁም። እንደ እቶኑ ቁሙ።»

«ጡብ የለም እኮ ልጄ» አሉ አባቷ። «ልጄ» ማለታቸውን ያወቁትም አይመስሉም።

ጎንበስ ብላ ከወንበሯ ላይ ቀዩን የከፋይ ትራስ አነሳችና አሳየቻቸው። እናትዬ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ተገፉ፤ ሰባቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተሰለፉ። አማቹ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ሰባቱን ትራሶች ሰብስቦ በሰልፉ አፍ ላይ፣ እቶኑ በሚሆንበት በኩል ቆመ። ሥራ አገኘ። የመጀመሪያውን ትራስ ወረወረ።

አባት ተናገረ። እናት ተቀበለች። በኩር፣ አንደኛው መንታ፣ ሁለተኛው መንታ፣ ጎረቤት። ትራሱ እየዘለለ መጣ። በእቶኑ አጠገብ የቆመችባቸው ሁለት ዓመታት በክንዷ ውስጥ እንዳሉ ነበሩ፤ እጇ ከእሷ ቀድሞ ተዘረጋ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር። ዜማው ተዘጋ፤ በር በደንብ ሲገጥም እንደሚዘጋው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። እቶኑ ጋ አማች ጡቡን የሚያስቀምጠው ጋሪ ላይ ነው። እዚህ ጋሪ የለም። ከእሷ በኋላ መድረኩ ያልቃል፤ ከመድረኩ በታች አገረ ገዥው ተቀምጠዋል። ትራሱ ከእጇ ከለቀቀ በኋላ ነው ይህን ያሰበችው።

ክቡር አገረ ገዥው ትራሱን በሁለት እጃቸው ቀለቡት።

ዋና ጸሐፊው ወደ መጋረጃው ገመድ ተንደረደረ። አገረ ገዥው ትራሱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሁለተኛው እየመጣ መሆኑን ሲያዩ የያዙትን ፈጥነው ለባለቤታቸው አቀበሉና እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤታቸው ለዳኛው፣ ዳኛው ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ በረድፉ ጫፍ፣ ገመዱን ሊይዝ የመጣውን ዋና ጸሐፊ እጁ ላይ አስታቀፈው።

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ በሮቹ ሄደ። በበሮቹ ላይ የቆመው የጡብ ሰፈር ሰው ግን አልሳቀም፤ በጭብጨባ ተቀበለ። ሴቶቹ በእናት ድምፅ ላይ፣ ወንዶቹ በአባት ድምፅ ላይ አጨበጨቡ፤ ሰባቱን ድምፅ ከማሕፀን ጀምሮ ያውቋቸዋልና ማንም አልነገራቸውም። አባቷ ፍጥነቱን ጨመሩ። እናትዬ ላቡ በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል። አማቹ የወረወራቸው ትራሶች አልቀው በባዶ እጁ ይወረውር ጀመር፤ ሰልፉም ባዶ አየሩን ተቀባበለው፣ አንድም ሰው ሳይስት። ግድግዳው የዋሽንቱን ድምፅ ይዞ መለሰ። ጡብ ድምፅ ይመልሳል፤ ልስን አያግደውም። በዚያች ሰዓት ታይፒስቷ ማን እንዳያት፣ ማን ምን እንደሚል ከልቧ ጠፋ። የምታውቀው ድምፅዋ ከስድስቱ በኋላ እንደምትመጣና ያለ እሷ ነገሩ እንደማይዘጋ ብቻ ነው።

ሲያበቃ ዋና ጸሐፊው ሰባት ትራስ እስከ አገጩ ታቅፎ ቆሞ ነበር። አገረ ገዥው ተነስተው ወደ መድረኩ ቀረቡ።

«ሽማግሌው» አሉ፣ «ይህች መጨረሻ ላይ የምትነፋው ማን ናት?»

አባቷ ዋሽንታቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ። ወደ እሷ አላዩም፤ ካዩ እንደማይችሉ ያወቁ ይመስላል።

«ልጄ ናት ክቡርነትዎ» አሉ። «የመጀመሪያ ልጄ። እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው።»

ጓሮው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየተሳሳመ ሳለ፣ አማቹ ፎቶ አንሺውን እጁን ይዞ ይጎትታል። «በቀኝ በኩል፣ በቀኝ በኩል ብቻ አንሳኝ!» እናትዬ ከሹማምንቱ ሚስቶች ለአንዷ የእናትን ዋሽንት አስይዞ ያስነፋታል። የመቶ አለቃው ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከትቷል። አባትና ልጅ ጋሪው ላይ፣ በጆንያው ጡቦች ላይ ተቀመጡ።

«አንዱን ዘግይተሽ ነበር የነፋሽው» አሏት።

«የትኛውን?»

«የአገረ ገዥው ሚስት ስትቀበል። ስቀሽ ነው።»

«አልሳቅኩም አባዬ።»

«ስቀሻል እንጂ። እኔም ስቄያለሁ፤ አንቺ ግን አልሰማሽም፤ ወፍራም ድምፅ ሳቅ ይደብቃል።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ በእሷ ጥቁር መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «የሰኞው ነገርስ?»

«ሰኞ ሰኞ ነው።»

«ይሁን» አሉ። «ነይ፣ ፈረሱን እንፍታ።»

ከሥራ አልተባረረችም፤ በዘጠነኛው ቀን ግን ከዋና ጸሐፊው ቢሮ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ውሃ ክፍል ተዛወረች። እዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ሠራች።